መውጫ ያልተጻፈለት ማሽን

ዘበኛው የተገኘው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከላቦራቶሪው ሕንፃ ጀርባ፣ ጠጠር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ያገኙት ልብስ ሊያሰጡ የወጡ ሁለት ሴት ተማሪዎች ናቸው። እኔ ስደርስ አምቡላንስ ወስዶታል። የቀረው ትንሽ ደም፣ አንድ እግር ጫማና የሰው መዓት ነበር። ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ ላይ ሰው ሁሉ መርማሪ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ ባለ ዲግሪ መርማሪ ይሆናል፣ እሱ ይብሳል።

አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ መጣና ዩኒቨርሲቲው መዘረፉን፣ ትልቁ ማሽን መጥፋቱን፣ እሱም የአስተዳደር ኃላፊ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ።

«ተጠባባቂ» አለ።

«ምኑ?»

«ተጠባባቂ ኃላፊ ነኝ። ዋናው ገና አልተሾመም።»

ይቺን ቃል በዚያ ሳምንት ስንቴ እንደሰማኋት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ፕሬዚዳንቱ ተጠባባቂ፣ ምክትሉ ተጠባባቂ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ተጠባባቂ። ሹመት የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። የቦርዱ አባላት ደግሞ ሁሉም ሌላ ቦታ ባለሥልጣን ስለሆኑ ለመሰብሰብ ጊዜ የላቸውም። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ላይ የሚፈርም ሰው ማግኘት ወንጀለኛ ከመያዝ ይከብዳል። የእኔ ዕጣ ሆኖ ሁለቱንም ነው የፈለግኩት።

ሳጅኔን አስከትዬ ገባሁ። የላቦራቶሪው በር አልተሰበረም፣ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ማሽኑ የአፈርና የውሃ ናሙና የሚመረምር፣ ፍሪጅ የሚያህል ነገር ነበር አሉ። ከጠረጴዛው ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ተፈትተው፣ እንዳይጠፉ ይመስላል፣ በአንዲት የብርጭቆ ሳህን ውስጥ ተቀምጠዋል። ስንት ሌባ አይቻለሁ፣ ቡሎን ሰብስቦ ሳህን ላይ የሚያስቀምጥ ጨዋ ሌባ ግን አላጋጠመኝም። ጠረጴዛው አረንጓዴ ሙሻማ ለብሷል። መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነው የምትውለው፣ ሙሻማው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነጥቷል። አንድ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልመጣልኝም።

ላቦራቶሪውን የሚመራው ዶክተር ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ጠጋ ካላሉ የማይሰማ ሰው ነው። ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደኖረ፣ ሳያርፍ እንደሚሠራ፣ እሱ እሁድን ቤቱ የፈተና ወረቀት ሲያርም እንደዋለ፣ ሚስቱም ምስክር እንደሆነች አስረዳኝ። ቁልፉስ ስለው አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ ዘበኛው ጋ መሆኑን ነገረኝና መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ እሱን እርስዎ ይመዝኑት» አለኝ።

ከሚኒስቴሩ የመጡ ገምጋሚዎች ግቢው ሰንብተው ዓርብ ዕለት መሄዳቸውን የነገረኝም እሱ ነው። የሚቀጥለው በጀት የሚለቀቀው በነሱ ውጤት ነው፣ ማሽኑንም አይተው አድንቀዋል። ሳጅኑ ጆሮዬ ሥር መጣና ሌባው ግምገማው እስኪያልቅ መጠበቁ ደግነት ነው አለ። ዝም በል አልኩት። በኋላ ግን የተናገረው ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይኮራብኛል።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። ዘበኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፣ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ አልነቃም። ነርሷ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ቀኝ እጁ ጨብጦት ኖሮ ጣቱን አንድ በአንድ ፈትተው ነው ያወጡት። ቢጫ ስፖንጅ ነው፣ ባለ መስመር ጨርቅ ቁራጭ ተያይዞበታል።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ከግድግዳው ጋር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። የለቅሶዋን ጊዜ ጨርሳ ወደ ንዴቱ ገብታለች። ዩኒቨርሲቲው ባሏ ተጠርጣሪ ነው ብሎ ለሆስፒታሉ ጽፏል። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ቢሆን መሥሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፣ የሌባ ተባባሪ ከሆነ ግን አይመለከተንም ነው ነገሩ። ሆስፒታሉ እስከ ዓርብ ሊታገሳት ተስማምቷል። ዓርብ የሚከፍል ካልመጣ ከዚያ ክፍል ይወጣል፣ ከዚያ ክፍል ከወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሐኪሙ ዓይኗን ሳያይ ነግሯታል።

«ባለቤትሽ ቁልፍ ነበረው» አልኳት። መጠየቅ ሥራዬ ነው።

«እህቴ፣ እሱን ተማሪዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? አባ መውጫ። መውጫ ወረቀት ከሌለ ወንበር አያስወጣም፣ ክብሪት አያስወጣም። አንድ ቀን ምሳ አመጣሁለት። በልቶ ሲጨርስ ሳህኔን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ አቆመኝ። መውጫ አለሽ ወይ አለኝ። የራሴን ሳህን!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጽፈውልኝ ወጣሁ። ሳምንት አኮረፍኩት። አሁን ይሄንን ሰው ነው ሌባ የሚሉት?» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አንጀቴን በላችው። ፖሊስ አንጀት የለውም የሚል ሰው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ አያውቅም።

ከሰዓት ወደ ግቢው ተመለስኩና አስተዳደሩን ስለ ዘበኛው ጠየቅኩ። ወፍራሙ ሰውዬ ራሱ ነው ያን ሰው ከዋናው በር አንስቶ ለሌሊትና ለእሁድ ጥበቃ ላቦራቶሪው ላይ የመደበው። ገምጋሚዎች ስለሚመጡ ማሽኑን የሚጠብቅ፣ ዝንብ የማያሳልፍ ሰው ፈለገ። የቀድሞውን የላቦራቶሪ ዘበኛ ደግሞ ወደ ዋናው በር ወሰደው። ለማን አሳወቁ ስለው ለማንም አለኝ። የጥበቃ ምደባ የሱ ሥልጣን ነው፣ በተጠባባቂነትም ቢሆን። ይሄን ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነበር።

የቀድሞውን ዘበኛ ዋናው በር ላይ አገኘሁት። ስለ ማሽኑ ስጠይቀው ላብ በላብ ሆነ። አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ልጆች አሉኝ አለ። ያልከሰሱት ሰው ልጆች አሉኝ ካለ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው። ብጎትተውም አልወጣ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ሁሉም ሰው ወደ አንድ መምህር ይጠቁመኝ ጀመር። ባልደረቦቹ አቤቱታ ይሉታል፣ በየስብሰባው ተነስቶ ስለሚያማርር። ከወር በፊት ሴኔት ፊት ያን ማሽን አንድ ቀን አወጣዋለሁ፣ መንገድ ላይ አስቀምጬ ሕዝብ ያየዋል ብሎ ዝቷል። ጥሩ ተጠርጣሪ ነው። ሳጅኑ ካቴናውን እስከማዘጋጀት ደርሶ ነበር።

አቤቱታን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት። ቢሮ ማለት ይከብዳል፣ ሦስት መምህራን የሚካፈሉት የዕቃ ክፍል ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። እሁድ የት ነበርክ ስለው ሳቀ። ደሞዙ ስለማይበቃው እሁድ እሁድ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ያስተምራል። ስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሲለፈልፍ ውሏል፣ ሁሉም ይመሰክራሉ። ተጠርጣሪዬ በአንድ አረፍተ ነገር ውሃ በላው።

«ታዲያ አወጣዋለሁ ያልከው ምን ማለትህ ነው?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የውሃ ብክለት ተመራማሪ ነኝ። ማሽኑ የተገዛው ለኔ ሥራ ነው። ስንቴ ጠየቅኩ መሰለዎት። ዛሬ ተበላሽቷል፣ ነገ ጥገና ላይ ነው፣ ከነገ ወዲያ ክፍሉ ታሽጓል። ናሙናዬ ፍሪጅ ውስጥ ሸተተ። አንድም ቀን፣ አንዲትም ቀን እጄ አልነካውም።»

«ተማሪዎችስ?»

«እንግዳ ሲመጣ ያዩታል። ነጭ ካፖርት ለብሰው አጠገቡ ይቆማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እንግዳው ሲሄድ ክፍሉ ይቆለፋል።» ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ። «ሸጠውት ነው። ዶክተሩን ይጠይቁት።»

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ሙሻማውን እንደገና አየሁት። አሁን ነው የመጣልኝ። የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሙሻማ፣ የራዲዮዬ ሥር፣ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ አረንጓዴ ነው፣ ዙሪያው ግን በፀሐይ አልቋል። እዚህ ግን ምንም ምልክት የለም። ፍሪጅ የሚያህል ማሽን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ቢቀመጥ ኖሮ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር ነበር። ማሽኑ እዚህ ኖሮ አያውቅም። ሰንብቶ ሄዷል እንጂ አልኖረም። የቡሎኖቹን ቀዳዳ በጣቴ ነካሁት፣ ብዙ ጊዜ ከመጥበቅና ከመፈታት የተነሳ ላልቷል። ዶክተሩ ዓይኔን እያየ ዋሽቶኛል።

ዶክተሩን አስጠራሁት። ታሟል፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ፈቃድ ላይ ነው ተባልኩ። ቤቱ ስደውል ሚስቱ ስልኩን አንስታ ተንተባተበች፣ ሕመምተኛውን አገናኚኝ ስላት መስመሩ ተቋረጠ።

አዛዡ በዚያው ቀን ቢሮው ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ስልክ ሲደወልለት ደግነቱ ይቀንሳል፣ ያን ቀን ደግሞ ብዙ ተደውሎለታል።

«የዘበኛውን ነገር ጻፊና ዝጊው» አለኝ። «ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ከሌቦቹ ጋር ተጣልተው መቱት። አለቀ።»

«ሌቦቹ የታሉ?»

«ይፈለጋሉ።»

«ማሽኑስ?»

«እሱም ይፈለጋል። ምን ሆነሻል? ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲያልቅለት ይፈልጋል።»

የተዘረፈ ሰው ፋይሉ እንዲዘጋለት ሲለምን ያየሁት ያኔ ነው። እስከ ዓርብ ስጡኝ ብዬው ወጣሁ። እሺም እምቢም አላለኝም፣ እኔ ግን እንደ እሺ ቆጠርኩት።

የስፖንጁን ነገር ያገኘነው በሳጅኑ ሆዳምነት ነው። የተማሪዎች ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፣ ስፖንጁ በላስቲክ ውስጥ እጁ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ አየችውና የኔን ፍራሽ ከየት አገኘኸው ብላ ቀለደች። ሌሎቹ ሳቁ። ሳጅኑ ሲጠራኝ ሻዩን አስቀምጦ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ዶርም ውስጥ ያሉት ልጆች በየተወሰነ ጊዜ ፍራሻቸው ይወሰዳል። ማሽኑ በመንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ሥሩና ጎኑ ላይ የሚደረገው የነሱ ፍራሽ ነው። ባለ መስመር ጨርቅ፣ ቢጫ ስፖንጅ። ፍራሹ ሲሄድ ልጆቹ ብርድ ልብስ አጥፈው ይተኛሉ፣ ሲመለስ ደግሞ ዘይት ዘይት ይላል።

«ማሽኑ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳቸው።

ትከሻቸውን ሰበቁ። አንዷ ግን ሳቅ ብላ፣ «እናቴ፣ ፍራሻችን ከኛ የበለጠ አገር አይቷል» አለችኝ። እህቷ የላይኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እዚያም ግምገማ ሲኖር የዚህ ግቢ ማህተም ያለበት ፍራሽ መጋዘን ውስጥ አይታለች። ሁለቱ እህትማማቾች ስልክ እየተደዋወሉ ይሳሳቁበታል።

የላይኛው ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተራራው ላይ ያለውን ነው፣ የኛ ታችኛው ነው። ገምጋሚዎቹ ቀጥሎ ማን ጋ እንደሚሄዱ ሳጅኑ ሚኒስቴሩ ጋ ደውሎ ጠየቀ። የላይኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ረቡዕ።

ረቡዕ ጠዋት ሲቪል ለብሼ ተራራውን ወጣሁ። ላቦራቶሪው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ገምጋሚዎቹ በክብ ቆመዋል። የላይኛው ፕሬዚዳንት፣ እሱም ተጠባባቂ፣ በእጁ እያሳየ ማሽኑ የዩኒቨርሲቲያቸው ኩራት እንደሆነ ያስረዳል። ማሽኑ እዚያው ነው፣ ያማረ ነጭ ነገር፣ አዲስ ቡሎን ታስሮበት። አጠገቡ ደግሞ ንጹሕ ካፖርት ለብሶ፣ የላይኛውን ዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራ ባለሙያ ቆሟል።

የኔው ዶክተር ነው። በሽተኛው።

አየኝ። ንግግሩ መሀል ላይ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ።

ሰዎቹን ይቅርታ ብዬ አለፍኩና የማሽኑን ጎን አየሁ። የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፣ የላይኛው ዩኒቨርሲቲ አርማ ያለበት። ጠርዙን በጥፍሬ አነሳሁት። ከሥሩ የታችኛው አርማ ወጣ። እሱን ሳነሳው ከሥሩ ሌላ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ። አንድ ሰው አሳለ።

የገምጋሚዎቹ መሪ ፀጉራቸው የነጣ ፕሮፌሰር ናቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ።

«ባለፈው ሳምንት ይሄንን ማሽንም ይሄንን ዶክተርም ታች አይተዋቸው የለም?» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጄ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ማሽን የሌለው ዩኒቨርሲቲ በጀት አያገኝም ይላል። በጀት ያላገኘ ደግሞ በምን ማሽን ይገዛል? ሦስቱ አዋጥተው አንድ ገዙ። በጋራ እንጠቀም ብለው ሚኒስቴሩን ጠየቁ፣ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። እኔ ያየሁትን ብጽፍ ሦስቱም ይዘጋሉ። ተማሪዎቹን የት ላድርስ?»

«እና ዝም ይላሉ?»

«ዓይኔ ደካማ ነው ብዬ አልፋለሁ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። ልጠላቸው ፈልጌ አልሆነልኝም፣ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። አንድ የሚጠላ ሰው ማግኘት እንኳ ለካ ዕድል ነው።

ዶክተሩን ከሕንፃው ውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። አልካደም። ቡሎኑን ራሱ ነው የፈታው፣ ሳህኑ ላይ ያስቀመጠውም ሲመለስ እንዳይጠፋበት ነው። እሁድ የላይኞቹ መኪና መጣ፣ ሾፌርና ጫኞች ነበሩበት። እንደ ወትሮው የለመደው ዘበኛ ፊቱን ያዞራል ብሎ ነበር። ዘበኛው መቀየሩን የነገረው ሰው የለም። ማሽኑ ፍራሽ ላይ ከተጫነ በኋላ አባ መውጫ ከሕንፃው ጥግ ብቅ አለ።

«ምን አለህ?»

«መውጫ አለ። የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው አልኩት። ጥሩ፣ ይጻፉልኝና ይሂዱ አለኝ። በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። ብዕር እንኳ አውጥቶ ሰጠኝ።»

«ለምን አልጻፍክለትም?»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ማሽኑ ወደ ላይኛው ዩኒቨርሲቲ ሄዷል ብዬ? ያ ወረቀት የተገኘ ቀን ሁላችንም አለቅን።» ሁለት እጁን ጉልበቱ መሀል ቀበረ። «መኪናው ሲንቀሳቀስ ፍራሹን ይዞ ተንጠለጠለ። አይወጣም፣ አይወጣም ይላል። ንዳ አልኩት ሾፌሩን።»

«ሲወድቅ አየኸው?»

«በመስተዋት።»

«አላቆምክም።»

«ይነሳል ብዬ…» አለ።

የቀረው ግልጽ ነው። የቀድሞው ዘበኛ ዋናው በር ላይ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረላቸው። ተማሪዎቹ ዘበኛውን አገኙት፣ ምንም የማያውቀው የአስተዳደር ኃላፊ ተዘረፍን ብሎ ፖሊስ ጠራ፣ የሚያውቁት ደግሞ አይ አልተዘረፍንም ማለት አልቻሉም። ማሽኑን እንዲጠብቅ የተመደበው ሰው ማሽኑን ስለጠበቀ ሌባ ተባለ። ዶክተሩ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው ሲለኝ ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ይሄንን ፊቱ ላይ ነገርኩት። አለቀሰ። ማልቀሱ ምንም አልጠቀመኝም።

ሪፖርቴን ሐሙስ ለአዛዡ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከላይ ተነጋግረውበት መልሱን ይዞ መጣ፣ ማሽኑ ስለተገኘ ሌብነት የለም፣ የዘበኛው ጉዳት የመኪና አደጋ ስለሆነ ወደ ትራፊክ ክፍል ይሂድ። ዶክተሩስ ስለው ትራፊክ ያያል አለኝ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፣ ብዕሩ ወደቀ፣ ጎንበስ ብሎ አነሳው። እሱም አፍሮ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑን ወደኔ አላነሳም።

እሺ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ የዘበኛውን ስም ግን አልተውም። ዓርብ ጠዋት ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት ቢሮ ገባሁ። ሰፊ ቢሮ ነው፣ ግድግዳው ላይ የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ፎቶ ተደርድሯል፣ ለሱ የተዘጋጀው ክፈፍ ባዶውን ተሰቅሏል። ዘበኛው ሥራው ላይ እያለ መጎዳቱን ለሆስፒታሉ ይጻፉ አልኩት። ራሱን ያዘ። ሥራ ላይ ነበር ካልን ምን ሲሠራ ነበር ይሉኛል፣ ማሽን እንዳይወጣ ሲከለክል ነበር ካልኩ ማሽኑ የት ሊሄድ ነበር ይሉኛል፣ ደግሞም እኔ ተጠባባቂ ነኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር ቦርድ ይፈልጋል አለኝ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበረው። ዘበኛውን አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ የቢሮዬን መጋረጃ ለማጠብ ሳወጣ አቁሞኛል አለ።

«እንግዲያው ቦርዱ እስኪሰበሰብ ማሽኑ በኤግዚቢትነት ፖሊስ መጋዘን ይቀመጣል» አልኩት።

ቀና አለ። «ሰኞ እኮ ወንዝ ማዶ…» ብሎ አፉን ያዘ።

«አውቃለሁ። ሦስተኛው ግምገማ አለበት። የኛ መጋዘን ጣሪያው ያፈሳል፣ አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። ከዚያ ምን እንድጽፍ ነው የምትፈልጊው አለኝ፣ እርስዎ ማለቱን ትቶ። ብዙ አልፈለግኩም። ዘበኛው የጠየቀውን ብቻ ጻፍ አልኩት። መውጫ። ማሽኑ እሁድ ዕለት በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ፣ በዶክተሩ እጅ ከግቢው ወጥቷል፣ ተረኛው ዘበኛ ሕጋዊ መውጫ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ሌብነት ከሌለ ተባባሪ የለም። በእጁ ጻፈው፣ ፈረመበት፣ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ሰጠኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በደረጃው ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አሸነፍኩ ብዬ ሳጅኑን ሳቅፈው መኪናውን ሊያጋጭብኝ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ሚስቱ ከኮሪደሩ እየሮጠች መጣች። ነቅቷል። ትንሽ ትንሽ ይናገራል። የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ግን ጠዋት መጥተው ከሰዓት እናወጣዋለን ብለዋት ሄደዋል። ወረቀቱን አሳየኋት፣ አንብባ ሳትጨርስ እጄን ሳመችኝ።

ገባን። በፋሻው መሀል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማን እንደሆንኩ ሚስቱ ነገረችው። ዓይኑን ወደኔ አዞረ።

«ዕቃው ወጣ?» አለኝ። ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ነው።

«ወጣ። ግን መውጫ ተጽፎለታል። ይኸው፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ጽፎታል።»

ወረቀቱን ዓይኑ ፊት ያዝኩለት። ቀስ ብሎ አነበበው። ከላይ ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ ዓይኑ ወረደ፣ ከፊርማው አለፈ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። እኔ፣ ምን ልደብቅ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር።

«ማኅተም የለውም» አለ።

ወረቀቱን ወደ ራሴ አዞርኩት። የለውም። ያ ሰውዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት የሒሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ አፍንጫ መጥረጊያ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የመንግሥት ወረቀት ስይዝ ኖሬ ደስታዬ ዓይኔን ጋረደው። ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ሰዓቴን አየሁ። ቢሮዎች ሊዘጉ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«እመለሳለሁ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተናገረኝ።

«ሳያስመቱ አይምጡ።»